ኮንዲዩት መዘርጋትንና ለቦክስ መብሳትን በቤት ውስጥ መለማመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎጃም ከተሞች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚማሩ ሰልጣኞችና ሙያውን በቤታቸው መልመድ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ቦክስ የምንለው ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም የሽቦ መገናኛ የሚገባበትን ሳጥን ነው።

ኮንዲዩት ምንድን ነው? ሽቦውን በቀጥታ በግድግዳው ላይ መዘርጋት ለምን አይበቃም?

ኮንዲዩት የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ነው። ለመኖሪያ ቤት በአብዛኛው የሚያገለግለው የፒቪሲ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በውጭ ዲያሜትሩ 16፣ 20፣ 25 እና 32 ሚሊ ሜትር እየተባለ ይሸጣል። ቱቦው ሽቦውን ከምስማር፣ ከእርጥበት፣ ከልስንና ከአይጥ ጥርስ ይጠብቀዋል። በጎጃም ገጠርና በከተሞቹ ዳርቻ ብዙው ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ ጭድ በተቦካበት ጭቃ የተመረገ በመሆኑ፣ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ከደረቅ እንጨት ጋር የመገናኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ኮንዲዩት ለብሎኬት ቤት ብቻ የሚያስፈልግ ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የበለጠ የሚያስፈልገው እንዲያውም ለጭቃ ቤት ነው።

ሁለተኛው ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በትክክል የተዘረጋ ኮንዲዩት፣ ሽቦው ሲያረጅ ወይም የቤቱ የኤሌክትሪክ ጭነት ሲጨምር፣ ግድግዳ ሳይፈርስ አሮጌው ሽቦ ተስቦ እንዲወጣና አዲሱ እንዲገባ ያስችላል። የአንድን ዝርጋታ ጥራት የምለካው በዚህ ነው፤ ከታች ያሉት መልሶችም አብዛኞቹ ከዚሁ መለኪያ የሚነሱ ናቸው።

ልምምዱን ያለ ኤሌክትሪክ ማካሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ መደረግ ያለበትም እንደዚያው ነው። መለካት፣ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ መብሳት፣ ማሰርና ሽቦ መሳብ አንዳቸውም የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦው ውስጥ እንዲኖር አይጠይቁም። የሠሩት መስመር በትክክል መገናኘቱን ለማወቅ ሁለት የባትሪ ድንጋይና አንድ የእጅ ባትሪ አምፖል ይበቃሉ፤ መልቲሜትር ያለው ሰው ደግሞ በእሱ ይፈትሻል። ማብሪያ ማጥፊያው ሲጫን ትንሿ አምፖል ከበራችና ከጠፋች ግንኙነቱ ትክክል ነው።

የልምምድ ሰሌዳን ከቤቱ ሶኬት ወይም ከቆጣሪ ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ይህም ሰውን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት፣ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ ልሞክረው» ተብሎ የተሰካ ገመድ የሚያስከትለውን አደጋ ማንም አስቀድሞ ሊገምተው አይችልም።

ለመጀመር ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ሜትር፣ እርሳስ፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ የብረት መጋዝ፣ ሞረድ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ መሮና ለ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ የሚሆን ማጠፊያ ስፕሪንግ (ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ ውስጡ የሚገባ) ካሉ በቂ ነው። ድሪል ቢገኝ ጥሩ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ግን በእጅ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ለእንጨትና ለፕላስቲክ ቦክስ በሚገባ ያገለግላል። የዓይን መከላከያ መነጽር ግን ሊታለፍ አይገባም። ቁራጭ ኮንዲዩትና የተሰነጠቀ ብሎኬት ከግንባታ ቦታ በልመናም በርካሽም ይገኛል፤ ለመጀመሪያው ወር አዲስ ቱቦ መግዛት አያስፈልግም።

የልምምድ ሰሌዳውን እንዴት ላዘጋጀው?

ሁለት የችፕውድ ወይም የጣውላ ሰሌዳዎችን እንደ ቤት ማዕዘን በ90 ዲግሪ አገናኝተው፣ በግቢ ውስጥ ወይም በበረንዳ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው። ሰሌዳን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ መሥራት ይቀላል፤ ነገር ግን እውነተኛ ሥራ የሚሠራው ቆሞ፣ ክንድን ከፍ አድርጎ፣ አንዳንድ ጊዜም መሰላል ላይ ሆኖ ስለሆነ፣ ተጋድሞ የተለመደ እጅ ግድግዳ ፊት ሲቆም እንደ አዲስ ይጀምራል።

በሰሌዳው ላይ አንድ ጀንክሽን ቦክስ (ሽቦዎች የሚገናኙበት)፣ አንድ የማብሪያ ማጥፊያ ቦክስ፣ አንድ የሶኬት ቦክስና አንድ የአምፖል መያዣ ይበቃሉ። ቦታቸውን በውሃ ልክና በቱንቢ አስምረው ካስቀመጡ በኋላ፣ ቢያንስ አንዱ መስመር ማዕዘኑን ዞሮ እንዲያልፍ ያድርጉ፤ የልኬት ስህተት ቶሎ የሚጋለጠው ማዕዘን ላይ ነው።

ቱቦውን ስቆርጥ ጫፉ ለምን ይንጋደዳል?

መጋዙ ከቱቦው ክብ ገጽ ላይ ስለሚንሸራተት ነው። ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ወረቀት በቱቦው ላይ ጠምጥመው የወረቀቱ ጠርዝ ከራሱ ጋር እንዲገጥም ካደረጉ በኋላ በእርሳስ ዙሪያውን ያስምሩ፤ ከዚያም ቱቦውን ቀስ በቀስ እያዞሩ ይቁረጡ። ከተቆረጠ በኋላ የውስጡን ጠርዝ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ግዴታ ነው፤ በጫፉ ላይ የቀረ ስለታም ፍርፋሪ ሽቦው ሲሳብ ልባሱን ይልጠዋል።

ሳጥፈው ለምን ይጨፈለቃል ወይም ይሰበራል?

የመጀመሪያው ምክንያት ስፕሪንጉ ከቱቦው ጋር አለመመጣጠኑ ነው። ሁለት ቱቦዎች የውጭ ዲያሜትራቸው እኩል 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ የግድግዳቸው ውፍረት ግን ሊለያይ ይችላል፤ ለቀጭኑ የተሠራ ስፕሪንግ ወፍራሙ ውስጥ አይገባም፣ ለወፍራሙ የተሠራው ደግሞ ቀጭኑ ውስጥ ስለሚላላ ቱቦውን አይደግፈውም። ስፕሪንጉ ሲገባ በቀላሉ የሚንሸራተት፣ ግን የማይንቀጠቀጥ መሆን አለበት። በጫፉ ላይ ሲባጎ አስረው፣ የስፕሪንጉ መካከል ከኩርባው መካከል ጋር እንዲገጣጠም ሲባጎው ላይ ምልክት ያድርጉ።

ሁለተኛው ምክንያት ቅዝቃዜ ነው። ፒቪሲ ሲቀዘቅዝ ይጠነክርና በቀላሉ ይሰበራል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያሉት ወረዳዎች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። በእነዚህ ቦታዎች በሐምሌ ጠዋት ከመጋዘን የወጣ ቱቦ ወዲያው ቢታጠፍ ኩርባው ላይ ነጣ ያለ ስንጥቅ ይታይበታል። ቱቦውን ፀሐይ ላይ ማሰንበት፣ ወይም የሚታጠፈውን ክፍል በጨርቅ ደጋግሞ ማሸት፣ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ መጠቅለል ይረዳል። በእሳት ነበልባል ማሞቅ ግን ፕላስቲኩን ያሳርረዋል፤ የሚወጣው ጭስም ለሳንባ ጎጂ ነው። ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቱቦ በእጅ ብቻ ስለማይታጠፍ ለጀማሪ አልመክረውም።

ሲያጥፉ ቱቦውን ጉልበትዎ ላይ አሳርፈው በዝግታ ይሳቡት፤ ከሚፈለገው አንግል ጥቂት አሳልፈው ያጥፉት፣ ምክንያቱም ሲለቁት በራሱ ተመልሶ ይከፈታል። ስፕሪንጉ አልወጣ ካለ ቱቦውን መደብደብ አይገባም። ስፕሪንጉ ወደሚጠብበት አቅጣጫ እያሽከረከሩ ይሳቡት፤ ሲጠብብ ስለሚቀጥን ይለቃል።

ሁለቱን ጎኖች ለክቼ ቆርጬ ሳጥፈው ለምን ይረዝማል?

ኩርባው ማዕዘኑን ስለሚያቋርጥ ነው። ለምሳሌ የኩርባው ራዲየስ በቱቦው መካከለኛ መስመር ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ወደ ማዕዘኑ ሹል ሄዶ የሚመለሰው ርቀት 8 ሲደመር 8፣ ማለትም 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ቱቦው የሚሄደው ግን የክቡን ሩብ ስለሆነ ወደ 12.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይወስዳል። ልዩነቱ 3.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ባለ 90 ዲግሪ ኩርባ ይህን ያህል ቱቦ ይተርፋል። ሁለት ኩርባ ባለው መስመር ላይ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስህተት ይጠራቀማል ማለት ነው፤ ይህም ቱቦው ቦክሱን አልፎ እንዲሄድ ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያጥፉ፣ ከዚያ ኩርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይለኩ፣ በመጨረሻም ይቁረጡ። በስሌት ቀድሞ መቁረጥ የሚቻለው የራስን ኩርባ ራዲየስ በልምምድ ካወቁ በኋላ ነው። የአንድ ሰው ጉልበትና አያያዝ ስለማይቀያየር ራዲየሱም ብዙ አይለዋወጥም።

ቱቦው ከግድግዳ ተነስቶ ወደ ቦክሱ ቀዳዳ እንዲገባ የሚደረገው ድርብ ኩርባ እንዴት ይለካል?

ከግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቦክስ ቀዳዳው ከግድግዳው ጥቂት ርቆ ስለሚገኝ ቱቦው ሁለት ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ መታጠፍ ይኖርበታል። ኩርባዎቹ 30 ዲግሪ ከሆኑ የከፍታውን ልዩነት (ቱቦው ከግድግዳው የሚነሳበትን ልክ) በ2 ያባዙ፤ 45 ዲግሪ ከሆኑ በ1.4 ያባዙ። የሚገኘው ቁጥር በሁለቱ ምልክቶች መካከል የሚኖረው ርቀት ነው፤ የ4 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በ30 ዲግሪ ሲሠራ ምልክቶቹ በ8 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ሁለተኛውን ኩርባ ከማጠፍዎ በፊት ቱቦውን በዓይን ትይዩ ይዘው አለመጠማዘዙን ይመልከቱ፤ ጠማማ ድርብ ኩርባ በኋላ አይታረምም።

የትኛውን ቦክስ ልግዛ?

ሶኬቱን ወይም ማብሪያ ማጥፊያውን አስቀድመው ገዝተው ለእሱ የሚሆነውን ቦክስ ይምረጡ። በገበያችን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ይደባለቃል፦ ክቡ ባለ 60 ሚሊ ሜትር፣ የቪቴ ቀዳዳዎቹ በ60.3 ሚሊ ሜትር የሚራራቁት ካሬው የእንግሊዝ ዓይነት፣ እንዲሁም ቀዳዳዎቹ በ83.5 ሚሊ ሜትር የሚራራቁት አራት ማዕዘኑ የጣሊያን ዓይነት። ሁለቱ የ60 ቁጥሮች ተቀራራቢ ቢሆኑም የቦክሶቹ ቅርጽ ፈጽሞ አይገናኝም። ግድግዳ ተበስቶ ቦክሱ በሲሚንቶ ከተያዘ በኋላ ሶኬቱ አልገጥም ሲል ደግሞ ሥራው በሙሉ እንደገና ይፈርሳል።

ቦክስን ስበሳው ለምን ይሰነጠቃል?

ብዙ ቦክሶች በመዶሻ ቀለል አድርጎ በመምታት የሚከፈቱ ዝግጁ ቀዳዳዎች አሏቸው። ቀዳዳ በሌለበት ጎን መብሳት ሲያስፈልግ፣ ቦክሱን ውስጡ በእንጨት ቁራጭ ተደግፎ በሞርሳ ወይም በክላምፕ ያጥብቁት። በእጅ ይዞ መብሳት አደገኛ ነው፤ ፑንታው (የድሪሉ መብሻ ብረት) ድንገት ሲነክስ ቦክሱ ይሽከረከርና ጣትን ይቆርጣል። መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ መሪ ቀዳዳ ያውጡ፣ ከዚያም በደረጃ እያሰፉ ለ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያድርሱት። ድሪሉ በዝግታ ይዙር፤ ፕላስቲክ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በችኮላና በግፊት ነው፣ በፍጥነት ሲበሳ ደግሞ ይቀልጣል። ብረት ቦክስ ላይ ጠብታ ዘይት ፑንታውን ያቀዘቅዘዋል።

ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ጠርዙን በጣትዎ ሳይሆን በጨርቅ ይፈትሹት፤ ጨርቁን የሚይዝ ነገር ካለ ሽቦውንም ይልጣል። በብረት ቦክስ ላይ ቱቦው በማያያዣና በፕላስቲክ ቀለበት ካልታሰረ ሽቦ ማሳለፍ አይገባም፤ ብረቱም ከመሬት ሽቦ ጋር መገናኘት አለበት።

በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ቦክስ ስከት ብሎኬቱ ይፈራርሳል፤ ምን ላድርግ?

ብሎኬት ውስጡ ክፍት ሲሆን የፊቱ ግድግዳ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ መምቻ ያለው ድሪል በሙሉ ኃይሉ ሲመታው ከጀርባ ይፈረከሳል። የቦክሱን ቅርጽ በውሃ ልክ አስምረው፣ የድሪሉን መምቻ አጥፍተው፣ በመስመሩ ላይ ተቀራራቢ ቀዳዳዎችን በ6 ወይም በ8 ሚሊ ሜትር የግንብ ፑንታ ይብሱ፤ ከዚያ በኋላ መካከሉን በመሮ ከጠርዝ ወደ ውስጥ በቀስታ ያንሱት። ፑንታው ላይ በተለጠፈ ፕላስተር ጥልቀቱን ምልክት ማድረግ አስፈላጊ ነው። አቧራው ሳንባን የሚጎዳ ስለሆነ አፍና አፍንጫ መሸፈን አለባቸው።

ቦክሱ ከመግባቱ በፊት የብሎኬቱን ባዶ ክፍል በብሎኬት ስባሪና በወረቀት ይድፈኑት፤ አለበለዚያ የሚደፈነው ሲሚንቶ ወደ ታች ይወርዳል። ቀዳዳውን በውሃ ያርጥቡት፤ ደረቅ ብሎኬት የሲሚንቶውን ውሃ ስለሚመጥ ቦክሱ ከጥቂት ቀን በኋላ ይነቃነቃል። የቦክሱን ውስጥ በጋዜጣ ወረቀት ሞልተው ይድፈኑ፤ ልስን ሲለሰን ወደ ውስጥ አይገባም። የቦክሱ ፊት እኩል መሆን ያለበት ከልስኑ ገጽ ጋር እንጂ ከብሎኬቱ ገጽ ጋር አይደለም። ይህንን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው፤ ልስኑ ካለቀ በኋላ ቦክሱ ጠልቆ የሶኬቱ ቪቴ አይደርስም።

ለቱቦው የሚቆፈረውን ቦይ በተቻለ መጠን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ያድርጉት። አግድም ቦይ ግድግዳን ያዳክማል፤ ግድግዳው ጭነት የሚሸከም ከሆነ ደግሞ ያለ መሐንዲስ ፈቃድ መነካት የለበትም። ይህን ሁሉ ለመልመድ የራስን ሳሎን መብሳት አያስፈልግም፤ በግቢ ውስጥ አራት ብሎኬት በሲሚንቶ አያይዞ ማቆም ይበቃል።

ቤቴ ጭቃ ከሆነስ?

ቦክሱን በጭቃው ውስጥ ለመቅበር አይሞክሩ። ጭቃ ፊሸር (ቪቴ የሚገባበትን የፕላስቲክ መያዣ) አይይዝም፣ ሲደርቅና ሲረጥብም ይሰነጠቃል። ከላይ የሚሰቀል ቦክስ ይምረጡና ከቋሚው እንጨት ጋር በቪቴ ያያይዙት፤ ቋሚው የት እንዳለ ግድግዳውን በጣት አንጓ እየመቱ በድምፁ ማወቅ ይቻላል። ቋሚ በሌለበት ቦታ በሁለት ቋሚዎች ላይ የተመታ ጣውላ ቦክሱን ይሸከማል። ምስጥ የበላው እንጨት ላይ ግን ምንም አይታሰር። ወለሉ አፈር በሆነና ውሃ በሚረጭበት ቤት ሶኬትን ከፍ አድርጎ መስቀል ይሻላል።

በአንድ ቱቦ ውስጥ ስንት ሽቦ ማስገባት ይቻላል?

በአንዳንድ አገሮች የሥራ ደንብ ሦስትና ከዚያ በላይ ሽቦዎች የቱቦውን ውስጣዊ ስፋት ከ40 በመቶ በላይ እንዲሞሉ አይፈቀድም። የ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ የውስጥ ዲያሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ስፋቱ ወደ 200 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 40 በመቶው 80 ነው። ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከነልባሱ ወደ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ይይዛል። በስሌት ስምንት ይገባል፤ ኩርባ ባለበት መስመር ግን ከስድስት ባያልፍ እመርጣለሁ። ሽቦ በበዛ ቁጥር ሙቀቱም ስለሚጨምር ጉዳዩ የመግባት ብቻ አይደለም።

ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 የተለመደ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን 3.5 ኪሎ ዋት ቢሆን በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጥ ማጥፊያ) ያስፈልገዋል።

ቱቦው ተዘርግቶ ሽቦው አልሳብ አለ፤ ችግሩ የት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ኩርባው በዝቷል። በሁለት ቦክሶች መካከል ከሁለት ባለ 90 ዲግሪ ኩርባ በላይ አይኑር፤ ከበዛ መካከል ላይ ጀንክሽን ቦክስ ይጨመር። ተሸጦ የሚገኘው አጭሩ ማዕዘን መጋጠሚያ ሥራ ያፋጥናል፣ ነገር ግን ጠርዙ ሹል ስለሆነ በስፕሪንግ እንደታጠፈ ኩርባ ሽቦ አያሳልፍም። ወለል ውስጥ የሚቀበረው ተጣጣፊ ቱቦም ሲሚንቶ ሲፈስበት ከተንጋደደ ሽቦውን ይይዛል፤ ከመቀበሩ በፊት ቀጥ ተደርጎ በየአጭር ርቀቱ መታሰር ነበረበት።

ኩርባው ትክክል ከሆነ መጋጠሚያዎቹን ይመልከቱ፤ ማጣበቂያ በዝቶ ወደ ውስጥ ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ሽቦዎቹ ሲገቡ ተጣምረው የሚገቡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሳቡ፤ አንዱ ከገባ በኋላ ሌላውን መጎተት የመጀመሪያውን ልባስ ይፈገፍጋል። አንድ ሰው ይስባል፣ ሌላው ከወዲያ በኩል ሽቦዎቹ እንዳይጠማዘዙ እያስተካከለ ይገፋል። የሕፃናት ገላ ፓውደር ለማንሸራተት ይጠቅማል፤ የሞተር ዘይትና ግሪስ ግን ልባሱን ስለሚጎዱ አይደረጉም።

ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የዘረጋሁት ቱቦ ለምን ይጎብጣል?

ፒቪሲ በሙቀት ይለጠጣል። የ3 ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ከቆርቆሮ ሥር በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ክሊፖቹ ቱቦውን አጥብቀው ሳይቆልፉት እንዲንሸራተት ያድርጉ፣ በረጅም ቀጥታ መስመር ላይም ቢያንስ አንዱ መጋጠሚያ ያለ ማጣበቂያ ጥቂት ክፍተት ይኑረው። ክሊፖቹ ከአንድ ሜትር ባይራራቁ፣ በኩርባና በቦክስ አጠገብ ደግሞ ቢቀራረቡ መልካም ነው።

ቀድሞ የተሠራ ቤት ግድግዳ ስበሳ ውስጡ ሽቦ መኖሩን እንዴት አውቃለሁ?

ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በላይ፣ በታችና ጎን ለጎን ባለው መስመር አይብሱ፤ በደንብ የተሠራ ቤት ሽቦው በዚያ ይሄዳል። በደንብ ያልተሠራ ቤት ውስጥ ግን ሽቦ በሰያፍም ያልፋልና ይህ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራው ያስጠንቅቁ፣ ከዚያም ኃይል አለመኖሩን በመልቲሜትር ወይም በቴስተር ያረጋግጡ። ቴስተሩን ብሬከሩ ከመጥፋቱ በፊት ኃይል ባለበት ሶኬት ላይ ይፈትሹት፤ የተበላሸ ቴስተር ያልበራው ኃይል ስለሌለ ይመስላል። ብሬከሩ ጠፍቶ ሳለ ለድሪሉ ከጎረቤት በተሳበ ገመድ ኃይል ማምጣት ሌላ አደጋ ስለሚጨምር፣ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ወይም የእጅ መሰርሰሪያ ይመረጣል።

ልምምዴን ከጨረስኩ የራሴን ወይም የጎረቤቴን ቤት መዘርጋት እችላለሁ?

ቱቦ ማጠፍና ቦክስ መትከል መቻል ከሙያው ግማሹ ነው። የሽቦ ውፍረት መምረጥ፣ የብሬከር መጠን መወሰን፣ የመሬት ሽቦ መቅበርና መፈተሽ ሌላው ግማሽ ነው፤ በሰሌዳ ላይ አይለመድም። በአገራችን ሕግ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠየቃል፤ ቤትን ከመስመር ጋር የሚያገናኘውም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው። ለሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ኢቢሲኤስ 10 የሚባል የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃም አለ፤ ሰልጣኝ ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ።

የተሻለው መንገድ፣ በቤት የተለማመዱትን ይዞ ፈቃድ ካለው ባለሙያ ጋር በረዳትነት መሥራት ነው። ቱቦውን እርስዎ ይዘርጉ፣ ቦክሱን ይትከሉ፣ ሽቦውን ይሳቡ፤ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ባለሙያው ይመልከተው፣ ግንኙነቱንም እሱ ይሥራው ወይም በእሱ ፊት ይሠራ። የብቃት ምዘና የሚጠብቅ ሰልጣኝ ደግሞ ሰሌዳውን በሰዓት ተወስኖ ደጋግሞ ማፍረስና መሥራት አለበት፤ በምዘና ላይ ልኬት የሚያውቀውንም ሰው ጊዜ ይጥለዋል።